ኩዌት ወይስ ሊባኖስ? የሁለት ትናንሽ አገሮችን ኑሮ መመዘኛው መንገድ

በአጅባርም ሆነ በመካነ ሰላም፣ በአቀስታም ሆነ በከላላ፣ አንዲት ልጅ ፓስፖርት ለማውጣት ደሴ ደርሳ ስትመለስ ቤት ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ኩዌት ይሻላል ወይስ ሊባኖስ?» ደላላው አንዱን ያወድሳል። ከዚያ የተመለሰች ጎረቤት ሌላውን ትመክራለች። አጎት ደግሞ በሬዲዮ የሰማውን ይጨምራል። ሁሉም በየራሱ መለኪያ ስለሚናገር ወሬው አይገናኝም።

ስለዚህ መለኪያዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው። እያንዳንዱ ምን ይቆጥራል? ምንስ ሳይቆጥር ይተዋል? ልጅዎን ለመላክ የሚያስቡ ወላጅ ከሆኑ፣ ወይም ራስዎ ለመሄድ የቆረጡ ከሆኑ፣ ይህ ስሌት ለእርስዎ ነው።

መጀመሪያ አገሮቹን እናስተዋውቅ። ሁለቱም ትናንሽ ናቸው። የኩዌት ስፋት 17,818 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የእኛ ደቡብ ወሎ ዞን ብቻውን 17 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አገሪቱ በሙሉ ከዞናችን ብዙም አትበልጥም። ሊባኖስ ደግሞ ከዚያም ታንሳለች፤ 10,452 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት። የሁለቱም ሕዝብ ከአምስት ሚሊዮን ብዙ የራቀ አይደለም።

በሌላው ነገር ግን አይመሳሰሉም። ኩዌት በረሃ ነው፤ ወንዝ የለውም። የሚጠጣው ውኃ የባሕር ውኃ ጨው ወጥቶለት የሚገኝ ነው። ሀብቱ ነዳጅ ነው። በሐምሌ ወር 2016 እ.ኤ.አ. ሚትሪባ በተባለው ቦታ 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ተመዝግቧል። ሊባኖስ ተራራማ ናት፤ በክረምቷ በረዶ ይጥላል፤ ምንጭና የፍራፍሬ እርሻ አላት። በዞናችን የሳይንትን ብርድ ለለመደ ሰው የሊባኖስ አየር ይስማማዋል። ነዳጅ ግን የላትም። የምትኖረው በንግድ፣ በባንክ፣ በቱሪስትና ውጭ አገር ያሉ ልጆቿ በሚልኩት ገንዘብ ነበር።

ታዲያ የትኛው ሀብታም ነው? ሰዎች ለዚህ መጀመሪያ የሚጠቅሱት መለኪያ የነፍስ ወከፍ ገቢ ነው። አገሪቱ በዓመት ያመረተችው ሁሉ በገንዘብ ተተምኖ ለሕዝቧ ቁጥር ሲካፈል ማለት ነው። በዚህ ስሌት የኩዌት ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ነው። የሊባኖስ ከ2019 እ.ኤ.አ. ቀውስ በኋላ 4 ሺህ ዶላር አካባቢ ወርዷል። የኢትዮጵያ 1 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። እንዲህ ሲታይ ጥያቄው ያለቀለት ይመስላል።

አላለቀም። አማካይ ቁጥር የሚደብቀው ነገር አለ። በአንድ ጎጥ አሥር አባወራ አለ እንበል። አንዱ 11 በሬ አለው፤ ዘጠኙ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ አላቸው። በድምሩ 20 በሬ ነው፤ ለአሥር ሲካፈል ለአንድ አባወራ ሁለት በሬ ይደርሳል። በወረቀት ላይ እያንዳንዱ ቤት ጥማድ አለው። ማሳው ላይ ሲመጡ ግን ዘጠኙ ካልተቀናጁ ማረስ አይችሉም።

ኩዌት ላይ ይህ በጣም ይሠራል። ከነዋሪው ዜጋ የሆነው ሲሦ እንኳ አይሞላም። ሌላው ለሥራ የመጣ የውጭ ሰው ነው። ለዜጋው ሕክምናና ትምህርት ነፃ ነው፤ የገቢ ግብር አይከፍልም፤ መንግሥት ለቤት ሥራ ያግዘዋል፤ ብዙው ተቀጣሪም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የውጭው ሠራተኛ ይህ ሁሉ የለውም። አማካዩ ግን ሁለቱንም አደባልቆ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ልጅዎ እዚያ ስትደርስ የምትኖረው የአማካዩን ኑሮ አይደለም።

በቁጥር እንየው። ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት ሕግ አወጣች፤ ቁጥሩ 68 ነው። በዓመቱ ደግሞ ለቤት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ በወር 60 ዲናር እንዲሆን ተወሰነ። አንድ ዲናር 3 ዶላር ከሩብ ገደማ ስለሚመነዘር 60 ዲናር ወደ 195 ዶላር ይጠጋል። በዓመት 2,340 ዶላር ማለት ነው። ይህን ከ30 ሺህ ዶላሩ አማካይ ጋር ሲያስተያዩት አሥረኛ እጁን እንኳ አይሞላም።

አሁን ሊባኖስን ይመልከቱ። ከቀውሱ በፊት አንዲት ኢትዮጵያዊት እዚያ ቤት ውስጥ ሠርታ ብዙ ጊዜ በወር የምታገኘው ከ150 እስከ 200 ዶላር ነበር። እንግዲህ ያስቡት። አንዱ አገር ከሌላው በብዙ እጥፍ ሀብታም ነው፤ የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ ግን ተቀራራቢ ነው። ለምን? ምክንያቱም ደመወዟን የሚወስነው የአሠሪዋ አገር ሀብት አይደለም። የሚወስነው እሷ ከምን ዓይነት ችግር ተነስታ እንደሄደች፣ ስንት ሰው ያንኑ ሥራ ፈልጎ እንደተሰለፈ፣ እዚያ ያለው ሕግስ ምን ያህል እንደሚከላከልላት ነው። ይህን የማይነግርዎ ደላላ «አገሩ ሀብታም ነው» ብሎ ሲያበቃ ግማሹን እውነት ብቻ ነግሮዎታል።

ሁለተኛው መለኪያ የመግዛት አቅም ይባላል። ገንዘቡ ስንት ነው ከማለት ይልቅ ምን ይገዛል ብሎ ይጠይቃል። ባለሙያዎች የሁለት አገሮችን ኑሮ ሲያወዳድሩ በየአገሩ ያለውን የዳቦ፣ የቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርትና የሕክምና ዋጋ ሰብስበው ገቢውን በዚያ ያስተካክላሉ። ጥሩ ዘዴ ነው። በእርስዎ ጉዳይ ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ።

ልጅዎ በኮንትራት ገብታ አሠሪዎቿ ቤት የምታድር ከሆነ ቤት አትከራይም፤ ምግብም አትገዛም። የኩዌት ሥጋ ተወደደ ረከሰ እሷን በቀጥታ አይነካትም። ገንዘቧ የሚወጣው አጅባር ገበያ ላይ ነው። ስለዚህ ለእናንተ ቤት የሚቆጠረው የኩዌት ዋጋ ሳይሆን የእዚህ የዘይት፣ የስኳር፣ የማዳበሪያና የቆርቆሮ ዋጋ ነው። ከአሠሪ ቤት ወጥታ ቤት ተከራይታ የምትሠራ ከሆነች ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኪራዩ፣ ታክሲው፣ ምግቡ ሁሉ ከኪሷ ነው። «በወር ይህን ያህል ታገኛለች» የሚል ወሬ ሲሰሙ ወዲያው «ማደሪያዋስ የት ነው?» ብለው ይጠይቁ።

የብር ምንዛሪም በዚህ ውስጥ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። 195 ዶላሩን በ57 ሲያሰሉት 11 ሺህ ብር ገደማ ነው፤ ለምሳሌ በ120 ቢመነዘር 23 ሺህ ብር ያልፋል። ደመወዟ አንድ ዲናር ሳይጨመርበት በብር ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ከውጭ የሚገባው ሁሉ በዚያው ዶላር ስለሚገዛ ዘይቱም፣ መድኃኒቱም፣ ብረቱም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ የብሩን ብዛት ብቻ አይዩ። የዛሬ ሦስት ዓመት የተላከው ምን ምን ገዛ? የዘንድሮውስ? ያንን ያስተያዩ።

የሊባኖስ ታሪክ ገንዘብ ምን ያህል ሊከዳ እንደሚችል የሚያሳይ ነው። የሊባኖስ ሊራ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር በ1,507 ሊራ ከግማሽ ተተክሎ ቆየ። ሰዉ ለሃያ ዓመት ሊራንና ዶላርን እንደ አንድ ገንዘብ ሲጠቀም ኖረ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አካባቢ ሁሉም ነገር ተናጋ። ባንኮች የሰዉን ዶላር ያዙ፤ ያስቀመጠው ማውጣት አልቻለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ዶላር 89,500 ሊራ ገባ። የዓለም ባንክ ይህን ቀውስ ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በዓለም ከታዩት እጅግ ከባዶቹ ተርታ መድቦታል። በዚሁ ባንክ ስሌት በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ 52 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ የነበረው የአገሪቱ ዓመታዊ ምርት በ2021 ወደ 23 ቢሊዮን ወረደ።

ይህ አጅባር ድረስ እንዴት ደረሰ? አሠሪው ራሱ ብዙ ጊዜ ደመወዙን በሊራ የሚቀበል አስተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ለሠራተኛዋ ዶላር መግዛት አቃተው። አንዳንዱ በሊራ መክፈል ጀመረ፤ አንዳንዱ ጭራሹን አቆመ። በ2012 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አሠሪዎች በመኪና አምጥተው የጣሏቸው ኢትዮጵያውያት ሻንጣቸውን ይዘው መንገድ ዳር አድረዋል። ሐምሌ 28 ቀን ደግሞ የቤይሩት ወደብ ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በእኛ አካባቢ ያኔ የተላከ ገንዘብ የተቋረጠበት ቤት ጥፋቱ የልጂቱ እንዳልነበረ ይወቅላት። የጠፋው የአገሩ ገንዘብ ነው።

ሦስተኛው መለኪያ የሰብዓዊ ልማት መለኪያ ይባላል። ገንዘብ ብቻውን ኑሮን አይገልጽም ከሚል ሐሳብ የወጣ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣዋል፤ ሐሳቡን ያመነጩት ፓኪስታናዊው ማህቡብ ኡል ሃቅ ናቸው፤ ህንዳዊው አማርትያ ሴንም አብረዋቸው ሠርተዋል። ሦስት ነገር ይለካል፤ ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን።

አሠራሩ አያስቸግርም። ለዕድሜ ዝቅተኛው 20 ዓመት፣ ከፍተኛው 85 ዓመት ተብሎ ተወስኗል። አንድ አገር ሕዝቡ በአማካይ 80 ዓመት የሚኖር ከሆነ ከ80 ላይ 20 ተቀንሶ 60 ይቀራል፤ ለ65 ሲካፈል 0.92 ይመጣል። ኩዌት እዚህ አካባቢ ናት። የኢትዮጵያ አማካይ 67 ገደማ ስለሆነ በዚሁ ስሌት 0.72 ይሆናል። ትምህርትም ሰው ስንት ዓመት እንደተማረና ዛሬ ትምህርት የሚጀምር ሕፃን ስንት ዓመት እንደሚማር ተቆጥሮ ከዜሮ እስከ አንድ ይመዘናል። ገቢው የሚገባው በመግዛት አቅም ተስተካክሎ ነው፤ ለድሃ የተጨመረ መቶ ዶላር ለሀብታም ከተጨመረው የበለጠ ክብደት ይሰጠዋል። ከዚያ ሦስቱ ተጣምረው አንድ ቁጥር ይወጣል።

ውጤቱ በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው ሪፖርት ለኩዌት 0.85፣ ለሊባኖስ 0.75፣ ለኢትዮጵያ 0.50 አካባቢ ነው። አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሊባኖስ ከገቢዋ ግማሹን ካጣች በኋላም ይህ ቁጥር ያን ያህል አልወደቀም። ለምን ቢሉ፣ የተማረ ሰው ትምህርቱ በአንድ ሌሊት አይጠፋም፤ አማካይ ዕድሜም ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው። ስለዚህ መለኪያው የቆየ ልማትን ያሳያል እንጂ የዛሬን ጭንቀት ቶሎ አያሳይም። መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ በሚመጣበት፣ ሰው ለጄኔሬተር ባለቤት በየወሩ በሚከፍልበት ቤይሩት ያለውን ኑሮ ከ0.75 ላይ አያነቡትም።

ሌላም አለ። ሦስቱም መለኪያዎች ሰላምን አይቆጥሩም፤ ሰው በራሱ ላይ ያለውን ሥልጣንም አይቆጥሩም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በደቡብ ሊባኖስና በቤይሩት ዳርቻ የአየር ድብደባው ሲበረታ አሠሪዎች ሸሽተው የቤት ሠራተኛቸውን ቤት ውስጥ ወይም መንገድ ላይ ትተው የሄዱበት ብዙ ነው። እኛም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ የተላከ ገንዘብ ሳይደርስ ሲቀር አይተናል። ሰላም በቁጥር ባይገባም ከቁጥሩ ሁሉ የሚቀድም ነው። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ሁለተኛ የማየው ሕጉን ነው። በሁለቱም አገሮች ከፋላ የሚባል ሥርዓት አለ። የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም ኢቃማዋ፣ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ነው። ያለ እሱ ፈቃድ ሥራ ብትቀይር ወይም ቤቱን ትታ ብትወጣ ሕገወጥ ትባላለች። ይህ ሁለቱን ያመሳስላቸዋል።

የሚለያዩት በሌላው ነው። የኩዌቱ ሕግ ቁጥር 68 የሥራ ሰዓት በቀን ከ12 እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በዓመት 30 ቀን የዓመት ፈቃድ እንዲኖር ይደነግጋል። አሠሪው ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ ፓስፖርቷን እንዳይዝም ይከለክላል። ሊባኖስ ግን በ1946 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የሥራ ሕግ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ጥበቃ አውጥታቸዋለች። እዚያ ሠራተኛዋን የሚጠብቃት የፈረመችው ኮንትራት ብቻ ነው። ሕግ ተጻፈ ማለት ተፈጸመ ማለት አይደለም፤ ኩዌት ውስጥም ደመወዝ የተከለከለች፣ የተደበደበች፣ በር የተቆለፈባት ብዙ እህት አለች። ቢሆንም የተጻፈ ሕግ ያለበት ቦታ ለመክሰስ መነሻ አለ። በእኔ ግምት ሚዛኑ ወደ ኩዌት የሚያዘነብለው በነዳጁ ሳይሆን በዚህ ነው።

ወደ ወጪው እንምጣ። «ስንት ያስወጣናል?» ብለው እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጪውን ከፋፍሎ አስቀምጧል። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ዋስትና በአሠሪው ላይ ነው። ሠራተኛዋ የምትሸፍነው የፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ክትባት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የወንጀል ነፃ ማስረጃና የሙያ ብቃት ምዘና ወጪዋን ነው። እንግዲህ አንድ ሰው «የቪዛና የትኬት» ብሎ ገንዘብ ከጠየቀዎት ሕጉ በአሠሪው ላይ የጫነውን ወጪ ከእርስዎ እየሰበሰበ ነው። በሬ ሸጠው፣ መሬት አከራይተው፣ ከአራጣ አበዳሪ ተበድረው የሚከፍሉት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው።

ሙሉ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በወር 60 ዲናር ለሁለት ዓመት ቢከፈል 1,440 ዲናር ነው፤ 4,680 ዶላር ገደማ። በ120 ብር ምንዛሪ ወደ 560 ሺህ ብር ይደርሳል። ሊባኖስ በወር 150 ዶላር ለሁለት ዓመት ቢከፈል 3,600 ዶላር ነው፤ 432 ሺህ ብር። ከዚህ ላይ ለመሄድ የወጣውን፣ የተበደሩበትን ወለድ፣ ያልተከፈለበትን ወር ይቀንሱ። ከሃያ አራቱ ወር ስድስቱ ካልተከፈለ የሊባኖሱ 324 ሺህ ብር ብቻ ይሆናል። ሌላም ቅናሽ አለ፤ እሷ እዚህ ብትኖር በእርሻው፣ በንግዱ ወይም በትምህርቷ የምታተርፈው። እሱን ዜሮ አድርገው አይቁጠሩት።

የመላኪያውም ዋጋ አለ። አስተላላፊው በአንድ ጊዜ 2 ዲናር የሚያስከፍል ቢሆን 30 ዲናር ስትልክ ወደ ሰባት በመቶው ይሄዳል፤ 120 ዲናር አጠራቅማ ስትልክ ግን ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አስቸኳይ ካልሆነ በየወሩ ከመላክ በሁለት ወር አንዴ ይሻላል። በባንክ በኩል ቢላክ ደረሰኝ ይቀራል። ነገ ደመወዝ አልተከፈለኝም ብላ ለመክሰስ ስትነሳ የትኛው ወር ገንዘብ እንደነበራት ለማሳየት ያ ወረቀት ይረዳታል።

«ታዲያ የት እንጠይቅ?» ካሉ፣ መጀመሪያ የወረዳዎ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ኢትዮጵያ ሠራተኛ የምትልከው ስምምነት ወዳላት አገር ስለሆነ ያሰቡት አገር ዛሬ ተፈቅዷል ወይ ብለው ይጠይቁ። ከጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ የቤት ሠራተኛ ጉዞ በጠቅላላው ታግዶ እንደነበር ያስታውሱ፤ ያኔ በደላላ የሄዱት ችግር ሲገጥማቸው ኮንትራታቸውን የሚያውቅላቸው መሥሪያ ቤት አልነበረም። ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑንም እዚያው ያረጋግጡ። ዕድሜ ከ18 በታች ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል።

ኮንትራቱ ሲመጣ ሦስት ቦታ ይመልከቱ። ደመወዙ በየትኛው ገንዘብ ተጻፈ? በዲናር ወይም በዶላር ካልሆነ የሊራውን ታሪክ ያስታውሱ። የዕረፍቱ ቀን ተጽፏል? የመመለሻ ትኬቱስ በማን ላይ ነው? አንዱን ቅጂ ቤት ያስቀሩ፤ የፓስፖርቷንም ፎቶ ኮፒ ከእሱ ጋር ያኑሩት።

ወደ ኩዌት ከሆነ የምትሄደው አንድ ተጨማሪ መብት አላት፤ ብዙዎች ሳይጠይቁት ይቀራል። በሕግ ቁጥር 68 መሠረት ኮንትራቷን ስትጨርስ ለሠራችበት ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ የአገልግሎት ክፍያ ይገባታል። ሁለት ዓመት ከሠራች በ60 ዲናር ስሌት 120 ዲናር ነው። ይህን የምትጠይቀው አውሮፕላን ከመሳፈሯ በፊት፣ እዚያው ኩዌት ሳለች ነው።